ቆጣሪ አንባቢ

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ቆጣሪ አንባቢን አይረሳውም። በወር አንዴ በር ያንኳኳል፣ «ውሻ እሰሩ!» ይላል፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሳጥን አንጋጦ አይቶ ቁጥሯን ይገለብጣል፣ ይሄዳል። በዚያ መብራት ማን ለፈተና እንዳጠና፣ ማንን ምጥ እንደያዛት፣ ማን አብርቶ እንደተኛ አይጠይቅም። ሥራው አይደለም። እኛ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ያለነው ግን ለዚህ ሙያ የሚገባውን ክብር ሰጥተነዋል፤ ሊቀ መንበር አድርገነዋል።

አሙታችን፣ ማኅበራችን ማለት ነው፣ ድረ ገጽ ካወጣ ወዲህ ስብሰባችን አጭርና ጣፋጭ ሆኗል። ቀድሞ በሰፈሩ ማዕከል፣ በመትናስ፣ ስንሰበሰብ ስለ ሽማግሌዎቹ የጡረታ ወረቀት፣ ስለ ልጆቹ ማስጠኛ፣ ሊፍቱ ስለቆመበት ሕንፃ ስንነታረክ እናመሽ ነበር። አሁን ሊቀ መንበራችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን ክንድ ሙሉ አርቀው ይዘው፣ «በዚህ ወር 40,000!» ይላሉ። እናጨበጭባለን። ቡና ይመጣል። እንበተናለን።

40,000 ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ምቀኛ መባልን ማን ይወዳል። እኔ ግን ድረ ገጹን የሠራልንን የእህቴን ልጅ ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት። «ሂት ነው አጎቴ» አለኝ። ሂት ማለት ለካ አንባቢ አይደለም። አንድ ገጽ ሲከፈት ሰርቨሩ እያወጣ የሚያቀብለው እያንዳንዱ ፋይል ነው፤ ጽሑፉ አንድ፣ ፎቶው አንድ፣ ሌላው ፎቶ ሌላ አንድ። የፊት ገጻችን ላይ 39 የስግድ በዓል ፎቶ አለ፤ ከጽሑፉ ጋር 40። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቅ ባለ ቁጥር አርባ ሆኖ ይመዘገባል፤ 40,000 ያልነው 1,000 ነበር ማለት ነው። አዘንክ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ተደሰትሁ! በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አውጥቼ «ሕዝባችን ፎቶ ይወዳል፤ 60 እንጨምርበት» አልሁ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በወሩ፣ አንድም አንባቢ ሳንጨምር፣ 100,000 ገባን። ኬክ ተቆረሰ።

የእህቴ ልጅ ወጣት ነውና አላስችለው አለ። «ሂት የ1990ዎቹ ነገር ነው፤ አሁን የሚቆጠረው ሰው ነው» ብሎ ጎግል አናሊቲክስን አስገባልን። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 ኧርቺን የሚባል ኩባንያ ገዝቶ፣ መሣሪያውን በዚያው ዓመት ለዓለም በነፃ ያደለው ነው። አንድ የማስታወቂያ ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር ለምን በነፃ እንደሚያድል አልጠየቅንም፤ ስጦታ አይመረመርም። ይኸኛው የሚቆጥረው ኩኪ በምትባል ቁራጭ ፋይል ነው። ኩኪዋን ኔትስኬፕ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ በ1994 ነው ያበጃት፤ ድረ ገጹ አንዴ ካየህ ተመልሰህ ስትመጣ እንዲያውቅህ። ችግሯ፣ ችግር ከተባለ፣ የምትለጠፈው ሰውየው ላይ ሳይሆን ብራውዘሩ ላይ መሆኑ ነው። ሊቀ መንበራችን በስልካቸው፣ በቢሯቸው ኮምፒውተርና በልጃቸው ታብሌት ሲገቡ ሦስት ሰው ይሆናሉ። ለጸሎት የሚያስፈልጉትን ዐሥር ወንዶች አጥቶ ሚኒያን እስኪሞላ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ለሚለምን ምእመን ይህ ቀላል ምሥራች አይደለም። አራት ሽማግሌዎች ሦስት ሦስት መሣሪያ ይዘው ቢመጡ ጸሎቱ ይደርሳል፤ ሁለት ይተርፋል።

በአባቴ ቤት ግን ሒሳቡ ወደ ታች ነው። አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ገጻችን ላይ የአንድ የታወቁ ቄስ ዕረፍት ወጣ። የወንድሜ ልጅ ስልኳን ከፍታ ዳቦው አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰባት ሽማግሌዎች ከበቧት። «ማን አልሽ? የማን ልጅ?» እያሉ ያስቆሟታል። አንዱ «ከእኔ ጋር ነው ሱዳን የወረደው» ብሎ ከመካከል አቋረጣት፤ ወደ እስራኤል ስለመጡበት መንገድ፣ ስለ ጥሙ፣ ከመንገድ ስለቀሩት ተወራ። ከዚያ «ቀጥዪ ልጄ» አሏት። ለሦስት ገጽ ወረቀት የማትሞላ ጽሑፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀች። አለቀሱ። ስልኩ ተዘጋ።

ቆጣሪው ላይ ምን ተጻፈ? አንድ ጎብኚ፤ የቆየችበት ጊዜ 0 ሰከንድ። የዚያን ጊዜው ስሪት ሰዓት የሚለካው አንዱ ገጽ ከተከፈተበት እስከ ቀጣዩ ያለውን ልዩነት ቀንሶ ነበርና፣ አንዲት ገጽ ብቻ አንብቦ የዘጋ ሰው ቀጣይ ስለሌለው ዜሮ ነው። ስሙም ወዲያው ተመላሽ ይባላል። ሊቀ መንበራችን በስብሰባው ላይ ይህችን ገጽ ለይተው «የሐዘን ዜና ሰው አይስብም፤ እናሳጥረው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ሰባት ሽማግሌዎች ለ0 ሰከንድ ነው ያለቀሱት።

ደግነቱ ያ ስሪት በጁላይ 2023 መቁጠሩን አቁሞ አዲሱ ተተካ። አዲሱ ሩኅሩኅ ነው፤ አንድ ሰው ገጹ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ ልቡ የተማረከ ጎብኚ ብሎ ይመዘግበዋል። የጎንደር ሰው በ10 ሰከንድ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ገና ልጆቹ ጋ አልደረሰም፤ ከብቶቹ፣ ዝናሙ፣ የአማቱ ወገብ ይቀራሉ። በጎግል ሚዛን ግን ይህ ሰው ተማርኳል። ፌስቡክማ ቪዲዮ ሦስት ሰከንድ የታየ እንደሆነ ታየ ይል ነበር፤ በ2016 ደግሞ አማካዩን የመመልከቻ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አጋኖ ሲያሳይ መቆየቱን አምኗል። ፌስቡክን ያክል ኩባንያ ካጋነነ የእኛ 60 ፎቶ ምን ኃጢአት አለው?

ከሁሉ የምወደው ካርታው ነው። ሊቀ መንበራችን ስክሪኑ ላይ የዓለምን ካርታ አስተኝተው ክቦቹን በጣታቸው ይዳብሳሉ። ቂርያት ጋት ላይ ያለችው ክብ ምስር ታክላለች፤ ቴል አቪቭ ላይ ያለችው እንጀራ። «ቴል አቪቭን ያዝናት!» አሉ። መሣሪያው አገርና ከተማ የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻው ነው፤ አድራሻው ደግሞ የኢንተርኔት ሻጩ ባስመዘገበበት ቦታ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ እታች ሰፈር ያለችው ጎረቤቴ ስልኳን ባበራች ቁጥር ቴል አቪቭ ትገባለች፤ ያለ ባቡር። ይህን ባስረዳ ደግሞ በዚህች ከተማ ማን ይሰማኛል? ቂርያት ጋት ራሷ የአድራሻ ስሕተት ናት። በ1950ዎቹ ስትቆረቆር አጠገቧ ያለው ኮረብታ፣ ቴል ኤራኒ፣ የጎልያድ አገር ጌት ነው ተብሎ ስም ወጣላት። ኋላ ሊቃውንቱ ቆፍረው «ይቅርታ፣ ጌትስ ወደ ሰሜን ራቅ ብላ ቴል ጻፊት ላይ ናት» አሉ። ስሟን የቀየረ የለም።

ቀጥሎ የሆላንድ ነገር መጣ። ፌብሩዋሪ 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው ወራት ሲቆዩ ወጣቱ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ደግሞ ጎንደር የተቀመጠውን ልጅ አንሥቶ አምስተርዳም ያስቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን ካርታችን ላይ ሆላንድ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋች። ሊቀ መንበራችን ሁለት ሌሊት አልተኙም፤ በሦስተኛው ቀን በደች ቋንቋ ገጽ ይከፈት የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። አስተርጓሚ ይፈለግ ተባለ። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ ከእነዚያ የሆላንድ አድናቂዎች አንዱ በገጹ የመልእክት ሳጥን ሦስት ጊዜ በአማርኛ ጽፏል። ወደ እስራኤል ለመውጣት ተመዝግቦ ጎንደር ላይ የሚጠብቅ ነው፤ እናቱ እዚህ ናት፤ የእርሱ ፋይል የት እንደደረሰ የሚጠይቅለት ሰው ይፈልጋል። መልስ አላገኘም። ምን ይደረግ፣ የመልእክት ሳጥኑ ካርታ የለውም።

የሌሊት አንባቢዎቻችንም አሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብተው በአንድ ደቂቃ መቶ ገጽ የሚያነቡ ትጉሃን። እነዚህ ማሽኖች ናቸው፤ አንዱ ለመፈለጊያ ሞተር ይለቅማል፣ አንዱ በር ይፈትሻል፣ አንዱ ጽሑፍ ይሰበስባል። ኢምፔርቫ የሚባለው፣ እዚሁ እስራኤል የተመሠረተው የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያ፣ በ2024 ከድረ ገጾች እንቅስቃሴ 51 በመቶው የማሽን ነበር ብሎ ዘግቧል። የጎግሉ መሣሪያ የሚያውቃቸውን ማሽኖች ያጣራል፤ የሰርቨራችን ሰንጠረዥ ግን ሁሉንም እንግዳ አድርጎ ይቀበላል። ለዚህ ነው ሊቀ መንበራችን ለኢሪያ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ የሰርቨሩን ቁጥር የሚመርጡት። እኔም እደግፋለሁ። ማሽን ምርጥ አባል ነው፤ ስብሰባ ላይ አይጮህም፣ «ምርጫ መቼ ነው?» አይልም፣ የሒሳብ ሪፖርት አይጠይቅም። መዋጮ አለመክፈሉ ብቻ ነው እንከኑ፤ በዚያም ቢሆን ከብዙዎቻችን ጋር ይመሳሰላል።

ከከተማችን ዳር ያለውን የኢንቴል ፋብሪካ አስባለሁ። በ2008 ሥራ ሲጀምር በ45 ናኖ ሜትር ነበር የሚያመርተው፤ የሰው ፀጉር እዚያ ግንድ ነው። የእኛ ልጆች ነጭ ቱታ ለብሰው ገብተው ለዓይን የማይታየውን ሲለኩ ይውላሉ፤ ማታ ቤታቸው ሲመጡ አባቶቻቸው አንድ ሰው መቶ ነው ይሏቸዋል።

የአገራችን ሽማግሌዎች ግን ቁጥር ይፈራሉ። አንዷን እናት «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ብትላት «ያሉትን ይባርክልኝ» ትልሃለች እንጂ አትቆጥርልህም። ኦሪትም ሰው መቆጠር ካለበት ራሱን ሳይሆን እያንዳንዱ ያወጣውን ግማሽ ሰቅል ቁጠሩ ይላል። ንጉሥ ዳዊት አልሰማም፤ ኢዮአብ «ይቅርብህ» እያለው ሕዝቡን አስቆጠረ። ኢዮአብ 9 ወር ከ20 ቀን ዞሮ ተመለሰ፤ መቅሠፍት መጣ፤ 70,000 ሰው አለቀ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል እስራኤል 800,000፣ ይሁዳ 500,000 ሲል፣ ዜና መዋዕል ያንኑ ቆጠራ 1,100,000 እና 470,000 ይለዋል። አንድ ቆጠራ፣ ሁለት ሰንጠረዥ። የእህቴ ልጅ ሁለት መሣሪያ አንድ ድረ ገጽ ላይ ተክሎ ሁለቱ ለምን እንደማይገጥሙ ሊያስረዳን አንድ ሙሉ ምሽት ሲለፋ፣ አባቴ «ይኼማ የቆየ ነው» ብለው ተኙ።

ያለፈው ስግድ አውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ፣ ይሄድ ነበር። ማስታወቂያው ከሁለት ሳምንት በፊት ገጻችን ላይ ወጥቷል፤ ቆጣሪው ሲያዩት የሚያስጨፍር ነበር፣ ሊቀ መንበራችን ሁለተኛ አውቶቡስ እስከማሰብ ደረሱ። ገጹ ላይ በነበረው ቅጽ የተመዘገቡት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ከስድስቱ አንዱ እኔ፣ አንዱ የእህቴ ልጅ መሞከሪያ። ዋዜማውን አክስቴ ነገሩን ሰማች። ማንበብ አትችልም። ስልኳን ይዛ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ራት ሰዓት ድረስ «ነገ ነጠላሽን ይዘሽ ገና ሳይነጋ ተነሺ፣ እምቢ ብትዪ ራሴ መጥቼ አነቃሻለሁ» ስትል አመሸች።

ሊነጋጋ ሲል አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ነጭ በነጭ። ሊቀ መንበራችን በሩ ላይ ቆመው ጣታቸውን ቀስረው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ማለት ጀመሩ። አክስቴ ከፊት ወንበር ተነሥታ እጃቸውን ወደ ታች መታቻቸው።

«ተው ልጄ! ሰው በጣት ይቆጠራል?»

«ሹፌሩ ቁጥር ይፈልጋል እማማ።»

«ቁጥር አይፈልግም። ጉልበቷን ያመማት ያቺ የማዶዋ ብቻ ናት የቀረችው፤ ልጇ በመኪና ያመጣታል። ንዳ በለው።»

ሹፌሩ ነዳ። ሊቀ መንበራችን እየተቅለሰለሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን ክንድ ሙሉ አርቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ከሆላንድ ሦስት አዲስ ገብተዋል» አሉኝ።