አልበላሽ ያለ ዕቃ ይዘው ስለተገኙ ሰዎች የቀረበ አቤቱታ

ለሚመለከተው ሁሉ

ጉዳዩ፦ በአሮጌ ቫኪዩም ወዳጆች ላይ እርምጃ እንዲወሰድልን ስለመጠየቅ

እኛ አመልካቾች ቫኪዩም በገዛን በሦስተኛው ዓመት አውጥተን የምንጥል፣ በማንም ላይ ያልደረስን፣ ሰላማዊና ሕግ አክባሪ ሸማቾች ነን። ይህን አቤቱታ ለማቅረብ የተገደድነው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር አንድ አደገኛ አዝማሚያ በማየታችን ነው። አንዳንድ ሰዎች ከሃምሳና ከሰባ ዓመት በፊት የተሠሩ ቫኪዩሞችን ከጋራዥ ሽያጭ፣ ከሟች ንብረት ጨረታና ከመንገድ ዳር እየለቀሙ ያከማቻሉ። ይፈቷቸዋል፤ ያጥቧቸዋል፤ መልሰው ይገጥሟቸዋል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሥራ ፈትነት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ችግሩ ማሽኖቹ መሥራታቸው ነው።

በቅድሚያ ተከሳሾቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ እናስረዳ። የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምተው የማሽኑን ሞዴል እንጠራለን የሚሉ ናቸው። ሲገናኙ ጤና ሳይጠያየቁ ስለ ቺንጋ ማውራት ይጀምራሉ። ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ሆን ብለው ዱቄት ይበትኑና በ1950ዎቹ የተሠራ ማሽን ጠርጎ ሲያነሳው እያዩ ይደሰታሉ (በዚህ አቤቱታ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ሴንት ጄምስ በምትባል ትንሽ ከተማ የቫኪዩም ሙዚየም ሳይቀር ተከፍቶላቸዋል። ጤነኛ ሰው ቫኪዩም ለመጎብኘት መኪና አስነስቶ ሲነዳ ይታያችሁ! አዲስ ስልክ ለመግዛት ሌሊቱን ሱቅ በር ላይ ተሰልፈን የምናድረው እኛ ግን፣ እንደሚታወቀው፣ ጤነኞች ነን።

የጥፋቱን ሥር ብንመረምር ኦሃዮ አደረሰን። በካንተን ከተማ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል አስም ያለበት የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ምንጣፍ በጠረገ ቁጥር አቧራው ትንፋሽ ቢያሳጣው የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራ የሚስብ ማሽን ሠራ። በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘበት፤ የቆዳ ዕቃ ነጋዴው ዊሊያም ሁቨርም መብቱን ገዝቶ ወደ ገበያ አወጣው። እዚህ ላይ ልብ በሉልን። ከሳሙና ሣጥንና ከትራስ ልብስ የተወለደ ዕቃ ማንም ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሊፈታው ይችላል። ጽዳት ሠራተኛ የፈጠረውን ጽዳት ሠራተኛ ይጠግነዋል። እንዲህ ያለው ነውር ገና ከጅምሩ መቀጨት ነበረበት።

ማስረጃችንን እናቅርብ። ከጥንቶቹ ሁቨሮች ወይም ከርቢ ከተባሉት ማሽኖች አንዱን ገልብጣችሁ እዩት። አካሉ አሉሚኒየም ነው። የተያያዘው በብሎን ነው፤ ብሎኑም፣ ነውር ጌጡ ሆኖ፣ ይፈታል። ቺንጋው ቢላላ ይቀየራል። የሞተሩ ካርቦን ቢያልቅ የጣት ጫፍ የምታህል ሌላ ካርቦን ትገባለታለች። ኩሽኔታው ቢጮህ ግራሶ ይቀባል ወይም ይለወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ በገዛ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ለማንም ሳይከፈል የሚደረግ ነው። ከሁሉ የባሰው በዚያው በ1950ዎቹ የወጣው ሁቨር ኮንስቴሌሽን ነው፤ ኳስ መስሎ፣ የሚያስወጣውን አየር ከሥሩ እየነፋ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ እየተንሳፈፈ ጌታውን ይከተላል። ጎማ ስለሌለው የሚሰበር ጎማ እንኳ የለውም። ይህ በሸማች ላይ የተፈጸመ ንቀት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የእኛን ደግሞ እዩልን። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ተነክሶ የተቆለፈ ስለሆነ ልክፈተው ያለ ሰው ጥርሱን ይሰብረዋል፤ የማሽኑን ጥርስ ማለታችን ነው። ማጣሪያው ሲታፈን ሞተሩ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ባትሪው በየዓመቱ እየደከመ ይሄድና አንድ ቀን ሳሎኑን አጋምሶ መኝታ ቤት ሳይደርስ ይተኛል። ዋስትና የለውም እንዳትሉ፤ አለው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ነው እንጂ አለው። ዋስትናው ሲያልቅ ምርመራው ብቻ የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በደስታ ሌላ እንገዛለን። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው።

በጉልበትም በኩል ተከሳሾቹ አሳፍረውናል። እኛ ለዘመናት ቫኪዩም የምንመርጠው በዋት ነበር፤ ካርቶኑ ላይ 2,000 ከተጻፈበት ዓይናችንን ጨፍነን እንከፍል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ የሚበላ ቫኪዩም ለገበያ እንዳይቀርብ ሲከለክል ብዙ ሰው «ሳያልቅብኝ» ብሎ ወደ ሱቅ ሮጠ። በ2017 ጣሪያው ወደ 900 ወረደ። እነዚያ አሮጌዎች ግን ድሮም በጥቂት መቶ ዋት ምንጣፍ ሲያራግፉ ኖረዋል። ምስጢሩን ተከሳሾቹን ስንጠይቃቸው መልሳቸው ያበሳጫል። ዋት ማሽኑ የሚበላውን እንጂ የሚሠራውን አይናገርም ይሉናል። ምንጣፍ የሚጸዳው በሚሽከረከር ብሩሽ እየተመታ አሸዋው ከሥሩ ሲነቀል ነው፤ ሁቨርም ምንጣፍ እየመታ የሚያራግፍ ማሽን ያወጣው በ1926 ነው ይሉናል። ለካ እኛ የገዛነው ጩኸት ኖሯል! ቢሆንም የራሳችን ጩኸት ነው።

ያው የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲያገለግል፣ ቱቦውም 40,000 ጊዜ ተወዛውዞ እንዳይበጠስ አዘዘ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለሚጠርግ ቤት 500 ሰዓት 19 ዓመት ማለት ነው። 19 ዓመት ከአንድ ቫኪዩም ጋር! በዚህ ዘመን ትዳር እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቀም። በ2024 ጭራሽ ጥገናን የሸማች መብት የሚያደርግ መመሪያ ጸደቀ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከማጠቢያ ማሽንና ከማቀዝቀዣ ጎን ቫኪዩም በስሙ ተጠርቷል። ተከሳሾቹ ሕግ አውጪዎቹንም ሳይለክፏቸው አልቀሩም ብለን እንጠረጥራለን።

ልባችንን የሰበረው ግን የገዛ ወገኖቻችን ምስክርነት ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ቀን ሆቴል፣ ማታ ቢሮ የሚያጸዱ ሐበሾች ቫኪዩምን ከማስታወቂያ ሳይሆን ከወገባቸው ሕመም ያውቁታል። በሥራ ቦታቸው ከሚገፏቸው ማሽኖች መካከል ብረት የበዛበት፣ የጨርቅ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቅርጹ ከአያቶቻችን ዘመን ወዲህ እምብዛም ያልተለወጠ አለ። ቺንጋው ቢበጠስ ፈረቃው ሳያልቅ ይቀየራል። ቤታቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው ግን እንደኛው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው የሕንፃው ባለቤት ሒሳብ ያውቃል አሉን። በየቀኑ ሰዓታት የሚሠራ ማሽን ሲገዛ ስለ ቀለሙ አይጨነቅም፤ «መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የሚጸና ዕቃ መሥራት የተረሳ ጥበብ አይደለም ማለት ነው፤ ጠይቆ ለሚገዛ ሰው ዛሬም ይሠራል። እኛ ደግሞ ሰው እንዳይቀየመን ብለን ጠይቀን አናውቅም።

እንግሊዝ አገርም ሄንሪ የሚባል ቀይ ቫኪዩም አለ። ሶመርሴት ውስጥ ቻርድ ከተማ ያለው ኑማቲክ የተባለ ኩባንያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራዋል። ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ ግንበኛውም ይጎትተዋል። ሆዱ ላይ ሁለት ዓይንና ፈገግታ ተስሎበታል። አርባ ዓመት ሙሉ በማን ላይ ሲስቅ እንደኖረ አሁን ገባን።

ክብር የሚገባው ሸማች ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወደ 1992 ይመለስ። በዚያ ዓመት የሁቨር የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ከ100 ፓውንድ በላይ ዕቃ ለገዛ ሁለት የደርሶ መልስ የአሜሪካ አውሮፕላን ትኬት በነፃ እሰጣለሁ አለ። ሕዝቡ ግር ብሎ ገዛ። ቫኪዩሙን ከነካርቶኑ መልሰው የሸጡ ብዙ ነበሩ፤ ትኬቱ እንጂ አቧራው የማንም ጉዳይ አልነበረም። ኩባንያው 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከሰረና የአውሮፓ ቅርንጫፉ በ1995 ለጣሊያኑ ካንዲ ተሸጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እኛ ግን ዘመኑን በናፍቆት እናስታውሰዋለን፤ ዕቃው የተገዛበት ምክንያት ከዕቃው ሥራ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውምና።

ዛሬም ተስፋ አልቆረጥንም፤ ሮቦት አለን። ሮቦቱ ካሜራ አለው፤ ኢንተርኔት አለው፤ አፕ አለው። በ2024 አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ውስጥ ሰርጎ ገቦች ቫኪዩም ሮቦቶችን ተቆጣጥረው በየሳሎኑ ባለቤቶቹን በዘረኛ ስድብ ሙልጭ አድርገዋቸዋል። ኒቶ የተባለ የሮቦት አምራች ደግሞ በ2023 ተዘጋ፤ ኋላም የኢንተርኔት አገልግሎቱ ሲቋረጥ ሞተሩ ደህና፣ ብሩሹ ደህና የሆነው ሮቦት ከአፑ ጋር ተቆራረጠ። በ1936 የተሠራ ሁቨር ግን እስካሁን ማንንም አልሰደበም፤ ፋብሪካው የትም ይሂድ የትም ሶኬት ካገኘ ይነሳል። ስለ ግል ሕይወታችሁም የሚያውቀው ከአልጋው ሥር ያለውን ብቻ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን የተከሳሾቹንና የማሽኖቻቸውንም ጉድፍ እንናገራለን። የጨርቅ ከረጢቱ የሳበውን አቧራ በከፊል መልሶ ይተፋል፤ አስም ያለበት ሰው አጠገቡ ባይቆም ይሻላል። የድሮ ገመድ ጎማው ይሰነጣጠቃል፤ ብዙዎቹ የምድር ሽቦ የላቸውም፤ ሳይመረምሩ መሰካት ከመብራት ጋር መጫወት ነው። ክብደታቸው ደረጃ ላይ ይታወቃል። ለአንድ ምንጣፍ አርባ ማሽን የሚያከማች ሰውም የራሱ ቤት የሚጠረግበት ቦታ አጥቷል። ደግሞም የዚያን ዘመን ግድንግድ ማሽን ቤት ለቤት ያዞር የነበረው ሻጭ ሳይሸጥ ከሳሎን አይወጣም ነበር፤ ሻጭ ድሮም ሻጭ ነው። የዚያ ዘመን ብልሽትማ ስለተጣለ አናየውም፤ የቀረው ምርጡ ብቻ ነው ብለንም ተከሳሾቹን ሞግተናቸዋል። «ልክ ናችሁ» አሉን፤ «የቀረው ግን ለምን ቀረ? መፈታት ስለሚችል አይደለም ወይ?» ሰው ጥፋቱን ሲያምን እንኳ እንዲህ ይረታል?

ከመካከላችን በመርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ያደጉ አሉ። በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦው እንደገና ሲጠመጠም፣ «ቆራሌው!» የሚለው ጩኸት ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ሲያዳርስ እያዩ ያደጉ ናቸው። ሜሪላንድ ገብተው አዲስ ኑሮ ሲለምዱ ከሁሉ ቶሎ የተማሩት መጣል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት ዘገባ መሠረት በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። በዚህ የጋራ ውጤት ውስጥ የእያንዳንዳችን አስተዋጽኦ አለበት፤ ተከሳሾቹ ግን አንዲት ኪሎ አላዋጡም።

ስለዚህ ከዚህ የሚከተለው እንዲታዘዝልን በትሕትና እንጠይቃለን፦

ሀ) ካቻቢቴ ያለ ፈቃድ መያዝ እንዲከለከል፤

ለ) ከሰባት ዓመት በላይ የሠራ ማንኛውም ቫኪዩም በይሉኝታ ራሱን እንዲያጠፋ፤

ሐ) የመለዋወጫ ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ እንዳያንስ፣ ያነሰ እንደሆነም ሱቁ እንዲታሸግ፤

መ) ሄንሪ ፈገግታውን እንዲያቆም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦

ለአምራቾች፦ ለመረጃ ያህል፤ ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት እንደምታውቁት ይገባናል።

ለአንባቢ፦ ቫኪዩምዎ አልስብ ያለ እንደሆነ ከመጣልዎ በፊት ከሶኬት ይንቀሉትና ቱቦው እንዳልተደፈነ፣ ማጣሪያው እንዳልታፈነ፣ ቺንጋው እንዳልተበጠሰ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከሦስቱ አንዱ ነው። ቀጣዩን ሲገዙም ስለ ዋቱ ሳይሆን ስለ መለዋወጫው ይጠይቁ። ይህን የነገርንዎት እኛ መሆናችንን ግን ለማንም እንዳይናገሩ።