የረዳቱ ኪሎ

በአንዳንድ የአዲስ አበባ ጋራዦች ሞተር ማንሻ ክሬንን፣ ማለትም ክንዱን በክሪክ ግፊት ከፍ አድርጎ ሞተርን ከመኪና የሚያወጣውን ባለ ጎማ ብረት፣ «ማሻሻል» የሚባል ሙያ ተስፋፍቷል፤ ሙያው የፋብሪካ መሐንዲሶችን የሚያርም በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ባለ 2 ቶን የተባለው ክሬን 2 ቶን የሚያነሣው ክንዱ ሲያጥር ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ሲሳብ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ወደ 500 ኪሎ ግራም እንደሚወርድ ክንዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባለ ጋራዡ ጽሑፉን ቀለም ይቀባና ከክንዱ ጫፍ ቱቦላሬ ይበይድበታል፤ ቁጥሩ ካልታየ አቅሙም አይቀንስም።

የተረዘመው ክንድ ሞተር ሲያነሣ የክሬኑ ኋላ ከመሬት ስለሚለቅ ረዳቱ ይቀመጥበታል። ስሌቱ በሞመንት፣ ማለትም ክብደት ከመደገፊያው ባለው ርቀት ተባዝቶ በሚገኘው የመገልበጥ ኃይል፣ ይመራል። 300 ኪሎ ግራም ሞተር ከፊት ጎማዎቹ ግማሽ ሜትር አልፎ ሲንጠለጠል 150 ይሆናል፤ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ረዳት አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ተቀምጦ 90 ይመልሳል፤ የተረፈውን የክሬኑ ክብደትና ፈጣሪ ይካፈሉታል። እንግዲህ ቅጥር በሚዛን እንጂ በሙያ መሆኑ ይቀራል፤ የረዳቱ ምሳም ከመለዋወጫ ወጪ ጋር ይመዘገባል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ረዳቱ 4 ኪሎ ግራም ቢከሳ ጋራዡ 12 ኪሎ ግራም ሞተር የማንሣት አቅም ያጣልና፣ እስከ ፋሲካ ከቪትዝ በላይ መቀበል አይኖርበትም፤ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር በገጠመ ዓመት ደግሞ በሩን ቢዘጋ ይሻለዋል። ዶሮ ወጡ ከተበላ በኋላ ግን ተስፋ ይለመልማል፤ ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ለሚመዝነው የሲኖትራክ ሞተር የረዳቱ አጎቶች ከነጋቢያቸው ተጠርተው ከኋላ ይደረደራሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስልክ ሊያነሣ ብድግ እንዳይልም ሽማግሌ ይቆምባቸዋል።

ሰንሰለቱ ከመንጠቆው እንዳይወጣ የሚጠብቀው ምላስ ሥራ ስለሚያዘገይ ተነቅሏል። ክሪኩ ዘይት ሲያንጠባጥብ ጎሚኒ ከመቀየር ጣሳ ማኖር ይቀላል። ክሬን የሌለውም ቼይን ብሎኩን ከቆርቆሮ ጣሪያው አግዳሚ ላይ ይሰቅላል።

ረዳቱ ክሬኑ ሊገለበጥ ሲል እንዲዘል ይነገረዋል። እሱ ሲዘል ሞተሩ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ከሥር ተኝቶ ቡሎን በሚፈታው ልጅ ላይ ነው። ይህ በሰው ሕይወት መቆመር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ረዳትን በማመጣጠኛ ድንጋይነት የሚመዘግብ አንቀጽ የለውም። ክንዱ ካልደረሰ ኮፈኑና የመኪናው ግንባር ተፈትቶ ክሬኑ ይቅረብ እንጂ ብረት አይቀጠልበት። የተበየደው ቱቦላሬ ዛሬውኑ ይቆረጥ፤ ሞተር ተንጠልጥሎ ሳለም ማንም ከሥሩ አይግባ።