እንግሊዝኛ ወይስ እንግልትኛ?

«በእኔ ክፍል ሶማሊኛ የተነፈሰ ወዮለት! እንግሊዝኛ ብቻ!» አልክ አሉኝ። እንዴ ወንድሜ! ቶጎ ጫሌን ተሻግረህ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ የገባኸው ልታስተምር ነው ወይስ አፍ ልትለጉም? በል ሰው ተሰብስቧል፣ እዚሁ እንነጋገር። በአማርኛ መልስልኝ፤ እኔ አልቀጣህም።

«ክፍሌ ፀጥ ያለ ነው» እያልክ ደግሞ ትኮራለህ። ክፍልህ ፀጥ ከማለቱ የተነሳ ዝንብ እንኳ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የምትገባው! ጠመኔው ሰሌዳ ላይ ሲንቋቋ ርእሰ መምህሩ «ማነው የሚረብሸው?» ብሎ ይመጣል። ቋንቋ አፍ ይፈልጋል፤ ዝም ማለትና እንግሊዝኛ ምንም ዝምድና የላቸውም። ሃምሳ አፍ ዘግተህ ሃምሳ ተናጋሪ ትጠብቃለህ? አንተ የምታስተምረው እንግሊዝኛ ሳይሆን እንግልትኛ ነው!

«ቋንቋ የላቸውማ!» ትለኛለህ። ማን? የሐርጌሳ ልጅ? ኧረ ሼም ነው! ሐድራዊን የሚያህል ገጣሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፈው እዚችው ከተማ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ የምታዘጋጅ ከተማ ናት። ሽልንግ መንገድ ዳር ተቆልሎ በሚመነዘርበት ገበያ፣ ተማሪህ አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዶላር፣ ብርና ሽልንግ በቃሉ ሲያሰላ፣ አንተ ገና ከኪስህ ስልክ እያወጣህ ነው። በዋጋ ተከራክረህ አንዴም አሸንፈኸው አታውቅም። ያ ልጅ ዲዳ የሚሆነው ያንተን ክፍል ሲረግጥ ብቻ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ የበረኛው?

«ፊደል እንኳ አይለዩም» አልክ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ይቺ ጣፋጭ ናት። ሶማሊኛ በ1972 እ.ኤ.አ. የላቲን ፊደል ሲወስድ ፊደሎቹን ለራሱ ድምፆች አከፋፈላቸው። «ኤክስ»ን ለሐመሩ ሐ ሰጠ፤ «ሲ»ን ለዓይኑ ዐ። ሐሰን ስሙን በኤክስ ይጀምራል፤ ዐብዲ በሲ። እንግዲህ ልጁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከፍቶ «ቦክስ»ን «ቦሕ»፣ «ካት»ን «ዐት» ብሎ ቢያነብ፣ የተማረውን ሕግ አንድም ሳያዛንፍ ነው ያነበበው። ማንበብ ይችላል! አንተ ደብተሩን ቀይ በቀይ አድርገህ «ዜሮ» ጻፍክበት። ልጁ ዓይኑ ዐን አየ፤ ዓይኑን የጨፈነው መምህሩ ነው! ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለህ፣ በግራ ፊደሉ በሶማሊኛ ምን እንደሚል፣ በቀኝ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚል ብታሳየው ነገሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይቃና ነበር። ሶማሊኛን ስትከለክል ግን ግራውን ራስህ አጠፋኸው። ግራ የገባህም ለዚያ ነው።

«ፓርኪንግ»ን «ባርኪንግ» ሲሉ ደግሞ ከመሳቅህ ብዛት አምቡላንስ ሊጠሩልህ ነበር። ሶማሊኛ ፐ የለውም፤ ከየት ያምጡልህ? አንተስ ፓስታና ፖሊስ አገርህ ባይገቡ ፐን በየት ታውቃት ነበር? ጠዋት ጠዋት «እስኩል» እየሄድክ በሰው ልጅ ትስቃለህ!

እዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁ ስምንት ዓመት በሶማሊኛ ይማራል። ፎርም ዋን ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ሆነው ይጠብቁታል። ይሄ ላንተ አዲስ ነው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርት ፖሊሲ 9ኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ ውስጥ የጨመረህ ሰው አይደለህም እንዴ? በቴሌቪዥን ያስተምረን የነበረውን ፕላዝማስ ረሳኸው? ጥያቄውን ጠይቆ፣ እኛ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱን ነግሮን ሲያልፍ «ቆይ!» ብለን ብንጮህ የሚሰማ አልነበረም። ያኔ ፕላዝማውን ስትረግም የነበርክ ልጅ፣ ዛሬ ራስህ ፕላዝማ ሆንክ!

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት መልሱ ይረዝማል፤ ዝምተኞቹም እጅ ማውጣት ይጀምራሉ። ያንተ ተማሪ ደግሞ ጥያቄህን ሶማሊኛ ድረስ ወስዶ፣ መልሱን እዚያ አግኝቶ፣ በእንግሊዝኛ ይዞልህ መምጣት አለበት። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው። አንተ መልሱን ትፈልጋለህ፤ ደርሶውን ትከለክላለህ። «ጥብቅ መምህር ነኝ» ትላለህ። ጥብቅ ሁን ያለህ የለም፤ ጠብቅ ነው የተባልከው!

«አባርሶስ? እዚያ እንግሊዝኛ ብቻ እየተነገረ ልጆቹ አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ድረስ ገቡ!» እሰይ፣ አሁን ክርክር አመጣህ። አባርሶ አሜሪካዊው ጆናታን ስታር በ2009 እ.ኤ.አ. ከሐርጌሳ ወጣ ብሎ የከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በፈተና የተመረጡ ልጆች ከመምህሮቻቸው ጋር ውለው ያድራሉ፤ ቁርሱም ኳሱም በእንግሊዝኛ ነው። አንተን የሚያገኙህ አርባ ደቂቃ ነው። አሥሩን ስም ትጠራበታለህ። ሃያውን «ዝም በሉ!» ትልበታለህ። በተረፈችው «ገልብጡ» ትላቸዋለህ፤ እነሱ ሰሌዳውን ገለበጡ፣ ትምህርቱም አብሮ ተገለበጠ። ከአባርሶ አዳሪውን ትተህ ክልከላውን ብቻ ይዘህ መጣህ!

«በአንድ ሴሚስተር ካልቻሉ ሰነፎች ናቸው» ማለትህስ! ተመራማሪው ጂም ከሚንስ ካናዳ የገቡ የስደተኛ ልጆችን መርምሮ፣ ለጨዋታ የሚሆን እንግሊዝኛ ሁለት ዓመት ገደማ፣ መማሪያ የሚሆነው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚፈልግ አሳይቷል። ያውም መንገዱ ሁሉ እንግሊዝኛ በሚያወራበት አገር! ሐርጌሳ መንገድ ላይ የምትሰማው ሶማሊኛና የፍየል ድምፅ ነው። ለመሆኑ አንተ እዚህ ከመጣህ ስንት የሶማሊኛ ቃል ቻልክ? «ዋርያ!»ን ብቻ! መንገዱም፣ ገበያውም፣ ጎረቤቱም በነፃ እያስተማረህ «ዋርያ» ላይ ቆመሃል። ማነው ሰነፉ?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልክ? ተመስገን፣ ጠየቅክ! ፎቶሲንተሲስ ስታስተምር ቅጣት ትተህ ቅጠል ይዘህ ግባ። ይንኩት፣ ያሽቱት፣ ይቅደዱት። ሁለት ሁለት ሆነው በሶማሊኛ ይከራከሩበት፤ ቅጠሉ ከፀሐይ ጋር ምን እንደሚሠራ ከገባቸው ትልቁ ሥራ አለቀ። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጀምርላቸውና ጎዶሎውን እነሱ ይሙሉት። አዳዲሶቹን ቃላት ከነሥዕላቸው ግድግዳ ላይ ለጥፍ፤ አምስት ይበቃል፣ መዝገበ ቃላቱን በሙሉ አትለጥፈው። ልጁ ሲሳሳት አስጨርሰው፤ ሲጨርስ ትክክለኛውን አንተ ድገምለት፣ ሰምቶ ይወስደዋል። ሶማሊኛው ያግዝሃል እንጂ እንግሊዝኛውን አይሻማህም።

እናንተም የከበባችሁን ወላጆች፣ ሳቁን እዚህ ላይ አቁሙና ስሙኝ። ልጃችሁ ሐርጌሳም ይማር አዲስ አበባ፣ በእናቱ ቋንቋ ስለተናገረ ተቀጥቶ ከመጣ «እንግሊዝኛ ያጠነክሩለታል» ብላችሁ ክፍያ አትጨምሩ። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሂዱና ለምን ብላችሁ ጠይቁ።