የምን ሽታ ነው?

ጎሐ ጽዮን ምሳ በልተን ስንነሳ አክስቴ የፊቱን ወንበር ያዘች። ከአዲስ አበባ ጀምሮ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ከኋላ ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ ስታማርር ስለመጣች፣ ወንበሩን የለቀቀላት ጓደኛዬ እንኳ ተገላገልኩ ነው ያለው። ያስቸገረን ዘንቢሏ ነበር። ለደብረ ማርቆሱ ሠርግ የተያዘ በርበሬ፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ከሥሩም ምን እንደሆነ ያልተነገረን ከባድ ነገር አለበት።

«እቴቴ፣ ከኋላ ከዕቃው ጋር ላድርግልሽ?»

«በርበሬዬ ቤንዚን ቤንዚን እንዲሸት?» አለችና በሁለታችን ወንበር መካከል ሸጎጠችው።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ በሸለቆው ግርጌ እስካለው ወንዝ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ላይ ሹራብ የደረበ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። የእኔ አሮጌ ኮሮላ ቁልቁለት ስታይ መጋለብ ትወድ ነበር። ያን ቀን ግን ረጋ ብላ፣ ሚዜ እንደያዛት ሙሽራ ቀስ እያለች ወረደች። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ እንዴት ጨዋ ሆነች» ብትል፣ «አያያዝ ነው» አልኳት። ይህቺን ቃል ኋላ ብዙ ጊዜ መልሳልኛለች።

«የሆነ ነገር አርሯል» አለች አክስቴ።

አክስቴ የጎረቤት ቡና ሲቆላ ከራሷ ግቢ ሆና «በቃ፣ አውጡት!» የምትል ሴት ናት። እኛ ግን አልሰማናትም። ቆይቶ ሽታው ለሁላችንም ደረሰ፤ ያኔ እያንዳንዱ የየራሱን መካኒክነት አወጣ። ባለቤቴ «ፌስታል ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ተለጥፎ እየቀለጠ ነው» አለች። ጓደኛዬ «ሽቦ ነው» ብሎ ሬዲዮኑን አጠፋ፤ የስልኩን ቻርጀር ነቀለ፤ የኔንም ነቀለ። እኔ ጥፋቱን ከፊታችን በሚያዘግመው ከባድ መኪና ላይ ጣልኩት። ቀጥ ያለ ቦታ ጠብቄ ቀደምኩት። ሽታውም አብሮን ቀደመ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚያሳፍረኝ አለማወቄ ነው። የመኪና ሽታ ሁሉ አንድ አይደለም። ፌስታልም ሆነ የሽቦ ልባስ ሲቃጠል የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል። የሞተር ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ ምድጃ ላይ የተረሳ የዘይት ድስት ነው። የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲተን ጣፈጥ ይላል። ፍሬንና ፍሪሲዮን ግን አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ጉሮሮ የሚለበልብ ነገር ነው። ያን ቀን በእርግጠኝነት የለየሁት ሽታ የበርበሬውን ብቻ ነበር።

መንገድ ዳር የቆመ አንድ ልጅ እጁን እያወናጨፈ «ጎማ! ጎማ!» አለን። ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አወዛወዝኩለት። ባለቤቴ ዞር ብላ ስታይ ከኋላችን ጭስ ይንቦለቦላል።

ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጌ ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ የተደረደሩ ዝንጀሮዎች ለትርኢት እንደመጣ ሰው ተመቻችተው ያዩናል። ጓደኛዬ የውሃ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ኋላ ጎማ ሲሮጥ፣ «ውሃ እንዳታፈስበት!» የሚል ድምፅ መጣ። ያ የቀደምነው ከባድ መኪና ደርሶ ቆሟል። ሾፌሩ መፋቂያ በአፋቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

«የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክ ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ተወው፣ ራሱ ይብረድ» አሉ።

ከዚያ መኪናዋን ዞሯት። የእጃቸውን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጋሉ እንጂ አይነኩም። የፊቶቹ ሞቅ ብለዋል፤ የኋላዎቹ ምጣድ ሆነዋል።

«የፊቶቹ ቢሆኑ እግርህ ነው እልህ ነበር። አንዱ ብቻ ቢሆን ነክሶ የቀረ ፍሬን አለ እል ነበር። የኋላ ሁለቱ እኩል ከጋሉ ግን ነገሩ ከውስጥ ነው» ብለው በሬን ከፈቱ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉና ዘንቢሉን አነሱት። የእጅ ፍሬኑ ግማሽ መንገድ ላይ ዘንቢሉን ተደግፎ ቀርቶ ኖሯል። ተጭነው ጨርሰው አወረዱት። ሜዳ ላይ ቢሆን መኪናዋ ስትጎተት ይታወቀኝ ነበር፤ ቁልቁለቱ ነው የሸፈነልኝ። ጨዋነቷም አያያዜ አልነበረም።

«ቀይ መብራት አይበራም ወይ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ።

ከሁለት ወር በፊት ያ መብራት አልጠፋ ብሎኝ ነበር። የእጅ ፍሬን ሲያዝ ይበራል፤ የፍሬን ዘይት ሲጎድልም ይበራል። ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ዝቅ ስለሚል ምልክቱ እውነተኛ ነበር። እኔ ግን ጋራዥ ሄጄ «ይህን መብራት አጥፋልኝ» አልኩ። መካኒኩም ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነው፤ አምፖሉን ነቀለልኝ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ፔዳሉን እርገጠው» አሉኝ። ለስለስ ብሏል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ያወርደዋል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ እግር ሲጫነው ይሟሽሻል እንጂ ፍሬን አይገፋም። ትንሽ ብንቀጥል ኖሮ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ይተኛ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አክስቴ ሳትጠየቅ ድፎ ዳቦውን ቆረሰች፤ ለሾፌሩ ትልቁን ሰጠች። እሳቸውም ፔዳሉ መመለሱን ደጋግመው አስረግጠውኝ፣ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ብለው ከፊት እየመሩን ወረዱ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ መኪናዋ ሸክም እንደወረደላት አህያ ቀለላት።

ደብረ ማርቆስ ላይ የኋላው ሸራ ተፈታ፤ መስታወት መስሏል። ተቀየረ፤ ዘይቱም ተቀየረ፤ አምፖሉ ቦታው ገባ። ከሁሉም የረከሰው አምፖሉ ነበር።

አክስቴ ሠርጉ ቤት ለሰማ ሁሉ «ልጁ መኪናውን እያቃጠለ አመጣን፤ መጀመሪያ ያሸተትኩት እኔ ነኝ» ብላ ተረከች። ስለ ዘንቢሉ ግን ትንፍሽ አላለችም። ስንመለስም ከፊት ተቀመጠች። በርበሬው ስላለቀ ዘንቢሉ ከኋላ ከዕቃው ጋር ሄደ።