አንዱ ለስንት ያካፍላል?

ገላን አስፋልት ዳር፣ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ሲኒው የሚንቀጠቀጥበት ጀበና ቡና አለ። ደንበኛው ብዙ ነው፤ ወንበሩ ጥቂት፣ ምላሱ ግን ትርፍ የጫነ። ነሐሴ 2012 ላይ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ከተነገረ አምስት ወር አልፎት፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር ውላ ደክሟት እዚያው አረፍ አለች። ማረፍ መስሏት!

«እስቲ ልጄ» አሉ ጡረተኛው የተሳቢ ሹፌር፣ ጋሼ፣ «ይሄ በሽታ አንዱ ለስንት ያካፍላል?»

«ካልተጠነቀቅን በአማካይ ለሁለት፣ ለሦስት። ሁለት ተኩል የሚሉም አሉ።»

የታክሲው ረዳት ጣልቃ ገባ። «ግማሹ ሰውዬ ደግሞ ማነው?»

«አንተ ነሃ!» አሉ ጋሼ። «ግማሽ ጭነህ የሙሉ የምታስከፍል!»

«እርስዎስ ሙሉ ጭነው ግማሽ ያራገፉበት ጊዜ የለም?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሂሳቧ ተመለሰች። ከአንዱ ታማሚ ምልክት እስከሚቀጥለው ሰው ምልክት አምስት ቀን ያህል ነው እንበል፤ በወር ስድስት ዙር ይሄዳል። አንዱ ለሁለት ካካፈለ ስድስተኛው ዙር ላይ 64 ሰው፣ ለሦስት ካካፈለ 729።

«በአንድ ሰው ተሳስታችሁ ከስድስት መቶ በላይ አጎደላችሁ?» አሉ ጋሼ። «የእድራችን ገንዘብ ያዥ እንኳ ይሄን አልደፈረም!»

«ለዚህ እኮ ነው ቁጥሩ በስንት ቀን እጥፍ እንደሚሆን የሚታየው።»

«እጥፍ ለመሆንማ የታክሲ ታሪፍን የሚቀድመው የለም» አለች ቡና ቀጂዋ። «አንድ ሌሊት!»

ረዳቱ የሰማ አይመስልም፤ ሲኒው ውስጥ የሆነ ነገር ጠፍቶበታል።

ጋሼ ግን ትልቁን ጥያቄ ይዘው ቆይተዋል። ያን ሰሞን የምርመራ ዘመቻ ተጀምሮ፣ ጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያሳውቁት ቁጥር ሺህን ተሻግሯል። «አትሸውዱን። የበዛው በሽታው ሳይሆን ፍተሻው ነው። ኬላ ሲበዛ ኮንትሮባንድ የበዛ ይመስላል።»

«ኬላው ሲነሳስ ኮንትሮባንዱ አለቀ ማለት ነው?»

ጋሼን ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ደግነቱ ልጅቷ ፍርዱን ለሁለት ከፈለችው። ምርመራው ሲጨምር የሚገኘውም ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ከተመረመረው መቶ ሰው ስንቱ ተገኘበት የሚለው ነው። ይሄም ቢሆን የተመረመረው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ያሳስታል፤ የታመመውን ብቻ እየመረጡ ከመረመሩ አገሩ ሁሉ የታመመ ይመስላል።

«በ1911ዱ የህዳር በሽታስ ማን ቆጠረ?» አሉ ጋሼ እንደገና ነፍስ ዘርተው። «አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለ!»

«ቆጣሪውም ታሞ ነበራ!» አለ ረዳቱ።

«አማካይ ሲባል ደግሞ» ቀጠለች ልጅቷ፣ «ሁሉም እኩል ያስተላልፋል ማለት አይደለም። ብዙው ሰው ለማንም ሳያጋባ ይድናል። ጥቂቱ ነው ሰፈሩን የሚያዳርሰው።»

ዓይን ሁሉ ቡና ቀጂዋ ላይ አረፈ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? እኔ ለማንም አላወራሁም። እየመጡ ሰምተው ነው የሚሄዱት!»

«ኩፍኝስ?» አለ ረዳቱ ወሬ ለማስቀየስ።

«ያልተከተበ ሰፈር ከገባ አንዱ ከ12 እስከ 18።»

«12 ካልሽ ሚኒባሳችን ሞላ። ስድስቱ ምንድን ነው?»

«ትርፍ!» አሉ ጋሼ። «ኩፍኝም እንዳንተ ትራፊክ አይፈራም።»

ክላክስ ተነፋ። ረዳቱ ጭልጥ አድርጎ ተነሳና በሩ ላይ ተንጠለጠለ። በኮሮናው ምክንያት ያኔ ስድስት ብቻ እንዲጭን ነበር የተፈቀደለት፤ እኔ በመስኮቱ ስምንት ራስ ቆጥሬያለሁ። ማስኩ አገጩ ላይ ነው።

«ቃሊቲ! ቃሊቲ! አንድ ሰው የቀረው!»

«ልጄ፣ ሩጪ» አሉ ጋሼ፣ «ያ የቀረው አንድ ሰው ለስንት እንደሚያካፍል ጠይቂልኝ!»