የፌስታልንና የዘመዶቹን ክብር ለማስጠበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 0.03

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ፌስታል፣ የቱቦ ሁሉ ዘጊ፣ የአጥር እሾህ ሁሉ ሰንደቅ፣ ከጓዳ በር ጀርባ በሚስማር ላይ ከተንጠለጠለው ቤተ መንግሥታችን፦

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከወገናችን 0.03 ሚሊ ሜትር የማይዘለውን ስስ ሊከለክል ቢነሣም፣ መርካቶ ውስጥ ውፍረት የሚለካ ሰው ባለመገኘቱ፤

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ በስማችን ጠርቶ ስለከለከለን፣ ይዞን የተገኘም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ስለደነገገ፤

እኛ በዚህ ስንሳደድ የሥጋ ዘመዶቻችን በየመደርደሪያው ተዝናንተው መቀመጣቸውን በታላቅ ኩራት ስላየን፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ፌስታል» ማለት በእጅ ተይዞ የሚታይ ፕላስቲክ ነው። «ማሸጊያ» ማለት ዓይን እያየው የማይታይ ፕላስቲክ ነው። «ሃይላንድ» ማለት የየትኛውም ፋብሪካ ውሃ የተሸጠበት፣ ከዚያ በኋላ ዘይት፣ ናፍጣና አረቄ የሚገቡበት ዕቃ ነው፤ የሦስቱ ቅደም ተከተል ለባለቤቱ ተትቷል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ሃይላንድ
ሃይላንድ አንድ አካል ቢመስልም ገላው ሌላ፣ ክዳኑ ሌላ፣ ወገቡ ላይ የታጠቀው ልጣፍም ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ቆራሌው ገላውን ፈልጎ ይመጣል፤ ልጣፉን ልጦ ይጥለዋል። የተጣለውም ልጣፍ ውሃው ተጠጥቶ ካለቀ ከዘመናት በኋላ የውሃውን ንጽሕና ለአፈሩ መመስከሩን ይቀጥላል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አምራቾች በክዳኑ አንገት ላይ ይጠመጠም የነበረውን ስስ ፕላስቲክ ቢተዉትም ውሃው አልፈሰሰም፣ ጠጪም ቅር አላለውም። ይህ ለዘውዳችን እጅግ አስደንጋጭ ነው። ስለዚህ ብስኩት፣ ፓስታ ወይም ሻይ ቅጠል በእጁ ይዞ «ይኼኛው ልባስ ባይኖርስ ምን ይጎድልብኛል?» ብሎ መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ዘንቢል
ዘንቢል መያዝ አልተከለከለም። ነገር ግን ባለሱቁ ስኳሩን በአንድ ፌስታል፣ ሽሮውን በሌላ፣ ሳሙናውንም ሽታው ሽሮውን እንዳይነካው በሦስተኛው ቋጥሮ ከዘንቢሉ ውስጥ ያስቀምጥ። ከዚያም «እትዬ፣ ይደረብልዎት?» ይበል። እትዬ «ተወው ልጄ፣ ዘንቢል ይዣለሁ» ቢሉ አለመስማት ግዴታው ነው፤ እጁ ቀድሞ ደርቧልና።

ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዳቦ በኮባ ደፍቶ የሚያቀርብ በኋላ ቀርነት ይጠየቃል። እንጀራ ግን ገና እንፋሎቱ ሳይወጣ እኛ ውስጥ ይግባ። ቢያልበው፣ በሁለተኛው ቀን ቢሻግት፣ ጥፋቱ የጤፉ ነው።

አንቀጽ 4፤ ስለ ድንች ጥብስ ከረጢት
ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራው ይህ ዘመዳችን ፕላስቲክና አሉሚኒየም አንድ ላይ የተጣበቁበት ስለሆነ ለይቶ መልሶ መጠቀም ጭንቅ ነው። ቆራሌውም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቶታል። ገሚሱ አየር መሆኑም የመሳፍንት ወግ ነው።

አንቀጽ 5፤ ስለ ቅጣት
አምራችና አስመጪ ከእትዬ የበለጠ እንደሚቀጣ ሕጉ ላይ ተጽፏል፤ አይተነዋል። ሆኖም ፋብሪካ ድረስ መሄድ ታክሲ ይጠይቃል፣ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ የዘበኛ ፈቃድም ይጠይቃል። ቲማቲም አንጠልጥለው የሚመጡትን እትዬን ለመያዝ ግን ገበያ በር ላይ መቆም ይበቃል። ደንብ አስከባሪዎች በቀረባቸው እንዲጀምሩ ታዟል።

አንቀጽ 6፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ክረምት ስለሆነ ዝናብ እንዳያበሰብሰው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይለጠፍ።