ለፍሊት ስትሪት የእግር ኳስ መተርጕማን የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለእንግሊዝ ጋዜጦች የእግር ኳስ ጸሐፍት፤
ፍሊት ስትሪት፥ ለንደን (ጋዜጦቹ ሠፈሩን ለቀው ከሄዱ ብዙ ዘመን ቢሆንም ስሙ ግን እናንተን ስላልለቀቃችሁ፥ ደብዳቤው እንደሚደርሳችሁ አምናለሁ)።

ጉዳዩ፦ ሚስተር ሮይ ሆጅሰን በሊቨርፑል ሜዳ፥ በአንፊልድ፥ በነበሩበት በስድስቱ ወር ስላደረጋችሁልን ትርጓሜ ምስጋና ስለ ማቅረብ።

ክቡራን ጸሐፍት ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖር፥ የአንፊልድን ሣር በእግሩ ያልረገጠ፥ ነገር ግን በየሳምንቱ መጨረሻ በሠፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት የመግቢያውን ብር ከፍሎ፥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሊቨርፑልን ጨዋታ ሲመለከት የኖረ ተራ ምእመን ስለ ሆነ፥ እናንተን የመሰሉ ሊቃውንትን በደብዳቤ መድፈሩ ከማዕርጉ በላይ መሆኑን አይስተውም። ይሁን እንጂ እናንተ በለንደን የምትጽፉት ቃል ጥቂት ሳይቈይ በስፖርት ጋዜጦቻችንና በኤፍ ኤም ሬዲዮዎቻችን ላይ ወደ አማርኛ ተመልሶ ስለሚደርሰን፥ ራሴን የሩቅ ደቀ መዝሙራችሁ አድርጌ ብቈጥር ነውር አይሆንብኝም፤ ደቀ መዝሙርም መምህሩን ማመስገን ግዴታው እንደ መሆኑ መጠን፥ ብዙ ዓመት ያሳደርሁትን ምስጋና ዛሬ ላቀርብላችሁ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በ2005 በኢስታንቡል የአውሮፓን ዋንጫ ያስገኙት፥ በ2009ም ክለቡን በሊጉ ሁለተኛ ያደረጉት ስፔናዊው ራፋኤል ቤኒቴዝ፥ በ2010 ሰባተኛ ሆነው ስለ ጨረሱ በጁን ወር ከመንበራቸው ተሰናበቱ፤ በጁላይ 1 ቀንም ሚስተር ሮይ ሆጅሰን ተተኩ። አዲሱ አሠልጣኝ ፉልሃምን የመሰለ ትንሽ ክለብ ይዘው ሃምቡርግ ላይ እስከ ተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ የደረሱ፥ በስዊድን ከሃልምስታድና ከማልሞ ጋር የሀገሪቱን ሻምፒዮናነት ደጋግመው ያገኙ፥ ስዊዘርላንድን ለ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ያበቁ፥ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ፥ መጽሐፍ የሚያነቡ፥ ለጋዜጠኛ ጥያቄ ሳይሰለቹ የሚመልሱ ጨዋ እንግሊዛዊ ነበሩ። ከእነዚህ ምግባራት ሁሉ እናንተን ይበልጥ ደስ ያሰኛችሁ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ስፔናዊው በዚህ በኩል ንፉግ ነበሩና።

ከእናንተ አዲሱን ሒሳብ የተማርነው ያን ጊዜ ነው። ሰባተኛ ደረጃ ለስፔናዊው ስንብት የሚያስከትል ኀጢአት ነበር፤ ዐሥራ ስምንተኛና ዐሥራ ዘጠነኛ ደረጃ ግን ለእንግሊዛዊው ጊዜ የሚያሰጥ በጎ ምክንያት ሆነ። ስፔናዊው ከማዕዘን ምት ጎል ሲገባባቸው ጥፋቱ ሰውን ትቶ ቦታን የመጠበቅ ስልታቸው እንደ ሆነ በብዙ ዐምድ አስተምራችሁን ነበር፤ በእንግሊዛዊው ዘመን እንዲህ ያለ ጎል ሲገባ ግን ስለ ስልት የሚናገረው ምዕራፍ ከመጽሐፋችሁ ተገንጥሎ ጠፋ። ብዙዎቻችሁ ስለ ሰውየው የጻፋችሁት ከሐተታ ይልቅ ወደ ውዳሴ የተጠጋ ነበር፤ ውዳሴ ደግሞ እንደሚታወቀው የደረጃ ሰንጠረዥ አይጠቅስም።

በሀገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት አንድምታ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ «አንድም» እያለ የቃሉን ምስጢር በየፈርጁ ያወርደዋል፤ ደቀ መዝሙሩም በእግሩ ሥር ተቀምጦ ያደምጣል። እኔ ይህ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ገዳማት ውጭ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር። በሴፕቴምበር 22 ቀን 2010 ግን ንባቡ እንዲህ ሆነ፤ ሊቨርፑል በገዛ ሜዳው፥ በሊግ ካፕ፥ ከአራተኛው እርከን ከመጣው ከኖርዛምፕተን ታውን ጋር በመቶ ሃያ ደቂቃ ሁለት ለሁለት ተለያይቶ፥ በመለያ ምት 4 ለ 2 ተሸነፈ። ንባቡ ግልጥ ስለ ሆነ ኳስ የሚያውቅ ሕፃን ሁሉ ያለ መምህር ተረድቶታል። የእናንተ ጉባኤ ግን በዚያና ከዚያ በኋላ በመጡት ሽንፈቶች ላይ ተቀምጦ ምስጢሩን አወረደልን። አንድም፥ የተሰለፉት ወጣቶችና ተቀያሪዎች ስለ ነበሩ ሽንፈቱ የአሠልጣኙ አይደለም። አንድም፥ ቡድኑን የሰበሰቡት የቀድሞው ስለ ሆኑ ሽንፈቱ የስፔናዊው ነው (ፖል ኮንቼስኪንና ክርስቲያን ፖልሰንን ማን እንዳመጣቸው ትርጓሜው አያነሣም)። አንድም፥ ባለቤቶቹ በዕዳ ስለ ተዘፈቁ ሽንፈቱ የባንክ ነው። አንድም፥ የሊቨርፑል ታላቅነት ድሮ ቀርቶአልና ሽንፈቱ ሽንፈት ሊባል አይገባውም። አንድም፥ ደጋፊው እጅግ ስለሚጮኽ ነው፤ አንድም፥ ደጋፊው ስለማይጮኽ ነው። የእኛ መምህራን አንዱ አንድም ሌላውን እንዳያፈርሰው ይጠነቀቃሉ፤ በዚህ በኩል እናንተ ከእነርሱ ይልቅ ነጻነት ያላችሁ ሆናችሁ አግኝቻችኋለሁ።

ይህን ስል በተናገራችሁት ሁሉ እውነት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። አሜሪካውያኑ ቶም ሂክስና ጆርጅ ጂሌት ክለቡን በዕዳ አስይዘውት እንደ ነበረ፥ በኦክቶበር 15 ቀን በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለአዲስ ባለቤት እስኪሸጥ ድረስም አስተዳደሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲንከራተት እንደ ሰነበተ የታወቀ ነው፤ ሐቪየር ማስቼራኖም ወደ ባርሴሎና መሄዱ ቡድኑን ጐድቶታል። ነገር ግን ዕዳ ተከላካይን ጎትቶ በገዛ ግብ ጠባቂው እግር ሥር አያስቀምጠውም፤ አራት አራት ሰው በሁለት ረድፍ አሰልፎ፥ ኳሱን ለተጋጣሚ ትቶ፥ አጥቂውን ፈርናንዶ ቶሬዝን በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ብቻውን እንዲቈም የሚያደርግ የባንክ ደንብ መኖሩን አልሰማንም። እኛ በአግዳሚው ላይ የተቀመጥነው ሰዎች የክለቡን የሒሳብ መዝገብ ባናይም፥ ኳሱን ግን እናይ ነበር።

በኦክቶበር 3 ቀን አዲስ ያደገው ብላክፑል አንፊልድ ገብቶ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ክለቡም ወራጅ ቀጣና ውስጥ ገባ። በዚያው ወር 17ኛ ቀን በጉዲሰን ፓርክ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸንፎ 19ኛ ሲሆን፥ ሚስተር ሆጅሰን ቡድናቸው በዚያ ቀን ያሳየው ጨዋታ በውድድር ዘመኑ ካሳየው መልካም ጨዋታ ሁሉ እንደማያንስ ለጋዜጠኞች ገለጹ። እኔ በዚህ ቃል ሰውየውን አልነቅፍም፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው፥ ሐዘኑም እዚያ ላይ ነው። የማንቸስተር ዩናይትዱ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ቶሬዝን በአስመሳይነት በከሰሱት ጊዜም፥ ሚስተር ሆጅሰን ሰውየው የፈለጉትን የማለት መብት እንዳላቸው በትሕትና መሰከሩላቸው፤ የገዛ አጥቂያቸውን የመከላከሉን ሥራ ለደጋፊው ተዉለት። ስልታቸው ለእንዲህ ያለ ክለብ ይስማማ እንደ ሆነ ሲጠየቁ ደግሞ፥ በሃልምስታድ፥ በማልሞ፥ በኤሬብሩና በኑሻቴል ዛማክስ ሠርቶ የታየ መሆኑን በመቈጣት ዘረዘሩ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ከዝርዝሩ የጐደለው የተጠየቁበት ከተማ ብቻ ነበር።

እናንተ ግን ለዚህ ሁሉ መድኃኒት የሚሆን አንድ ቃል ነበራችሁ፤ ይኸውም ትዕግሥት ነው። ደጋፊው ትዕግሥት የለውም፤ ደጋፊው በትዝታ ይኖራል፤ ደጋፊው የቀድሞውን የክለቡን ተጫዋችና አሠልጣኝ ኬኒ ዳግሊሽን የሚጠራው ስለ ናፈቀ እንጂ ስለ አሰበ አይደለም እያላችሁ ከዐውደ ምሕረታችሁ ገሠጻችሁት። ስለ ትዕግሥት ለሊቨርፑል ሰው መስበክ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የተረዳችሁት አይመስለኝም፤ የሚቀጥለውንም በሽሙጥ አልናገረውም። በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው አደጋ የ97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ነፍስ ጠፋ፤ ከእናንተው ወገን የሆነ አንድ ጋዜጣ፥ «ዘ ሰን»፥ ጥፋቱን በሟቾቹና በጓደኞቻቸው ላይ ለጥፎ በፊት ገጹ እውነት ብሎ አተመው፤ የሟቾቹ ቤተ ሰቦች በፍርድ ሸንጎ ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደ ተገደሉ እስኪፈረድ ድረስ እስከ 2016 ጠበቁ። በዐይኑ ያየውን እንዳላየ በጋዜጣ የተነገረው ሕዝብ ይህ ነው፤ በሌላ ዘመን፥ በእጅጉ ባነሰ ነገር፥ ያየኸው ሽንፈት ሽንፈት አይደለም ሲባል ጆሮውን ቢደፍን የሚፈረድበት አይደለም።

ዲሴምበር 29 ቀን የሊጉ መጨረሻ የነበረው ዎልቭስ አንፊልድ መጥቶ 1 ለ 0 አሸነፈ። ሚስተር ሆጅሰን ከጨዋታው በኋላ፥ ስመ ጥር የሆነውን የአንፊልድ ድጋፍ ከመጡ ጀምሮ እንዳላገኙት ተናገሩ፤ ኋላም ይቅርታ ጠየቁ፥ ይቅርታቸውም ከልብ እንደ ነበረ አምናለሁ። በዚያች ሌሊት ግን ደጋፊው ድጋፉን አልነፈጋቸውም፤ በአንድ ድምፅ «ሆጅሰን ለእንግሊዝ» እያለ ሲዘምርላቸው አመሸ። በሽሙጥ ጥበብ እናንተ ሊቃውንት፥ እኛም ደቀ መዛሙርት ነን እንል ነበር፤ የዚያን ምሽቱን ዝማሬ የሰማ ሰው ግን ማዕርጉ ለማን እንደሚገባ ይጠፋዋል ብዬ አላስብም።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። በጃኑዋሪ 8 ቀን 2011 ሚስተር ሆጅሰን ተሰናበቱ። በሃያ የሊግ ጨዋታ ያገኙት ነጥብ 25 ሲሆን ክለቡን በ12ኛ ደረጃ ላይ ትተውት ሄዱ። በናፍቆት ብቻ ይጠራሉ የተባሉት ዳግሊሽ ተተክተው፥ መጀመሪያ እሳቸውም ቢሸነፉ፥ በቀሩት ዐሥራ ስምንት ጨዋታዎች 33 ነጥብ ሰበሰቡ፤ ክለቡም ስድስተኛ ሆነ። (ዳግሊሽም በተራቸው በ2012 የሊግ ካፑን ዋንጫ ካነሡ በኋላ ስምንተኛ ስለ ወጡ ተሰናብተዋል፤ እሳቸውን ጻድቅ ላደርግ አልተነሣሁም።)

የደጋፊው ሽሙጥ ግን ትንቢት ሆኖ ቀረ። በሜይ 1 ቀን 2012 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሚስተር ሆጅሰንን በእውነት የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አድርጎ ሾማቸው። እኔም በየዋህነቴ፥ አንፊልድ ላይ የጠበቃችሁላቸው ፍቅር አሁን ዕጥፍ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ ግን ሌላ ሰው፥ ሃሪ ሬድናፕን፥ አጭታችሁ ነበርና ኀዘን ላይ ነበራችሁ፤ ያው «ዘ ሰን»ም በማግሥቱ የሰውየውን የአነጋገር ጉድለት፥ «ረ»ን በወጉ ያለ መጥራታቸውን፥ የፊት ገጹ ቀልድ አደረገው፤ ማኅበሩም ቅሬታውን ለማሰማት ተገደደ። የሊቨርፑል ደጋፊ ያን ሁሉ ጊዜ ሲቈጣባቸው፥ ቍጣው በሜዳው ነገር ላይ ነበር። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፉ ከምድባቸው ሲወድቁ፥ በ2016ቱ የአውሮፓ ሀገራት ዋንጫ ደግሞ በኒስ ከተማ በአይስላንድ 2 ለ 1 ተሸንፈው በዚያው ምሽት ሥልጣናቸውን ሲለቁ፥ ያ ትዕግሥት የተባለው መድኃኒት ከመደርደሪያችሁ ላይ አልተገኘም፤ አንድምታውም ታጥፎ ንባቡ ብቻውን ታተመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእናንተ ይሆናል አልልም፤ ለእኛ ሬዲዮ ተርጓሚዎች ግን ሳይሆን አይቀርም።

ሚስተር ሆጅሰን ኋላ በክሪስታል ፓላስ ለአራት የውድድር ዘመን ክለቡን በሊጉ አጽንተው አቈይተዋል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከእሳቸው የሚሻል ሰው ጥቂት ነው። በአንፊልድ የተበደሉት በደጋፊው አልነበረም። ለማይስማማቸው መንበር ሲታጩ የሚስማማቸው ነው ብሎ ያጨበጨበላቸው፥ ሥራው ሲከብዳቸው ቀላል ነው ብሎ የጻፈላቸው፥ በመጨረሻም ደስ ማሰኘታቸው ሲያበቃ በምላሳቸው የተሣለቀባቸው ሌላ ነው።

እንግዲህ የማመሰግንበትን ከጨረስሁ፥ አንዲት ልመና ልጨምር። እንግሊዛዊ የሆነ፥ ጨዋ የሆነ፥ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ አሠልጣኝ በአንድ ታላቅ ክለብ በተሾመ ጊዜ፥ ስለ ደጋፊው ትዕግሥት ማጣት የመጀመሪያውን ዐምድ ከመጻፋችሁ በፊት ዘጠናውን ደቂቃ እስከ መጨረሻው ተመልከቱልን፤ ጊዜ የሌላችሁ እንደ ሆነም ከጨዋታው የሚመለሰውን ሰው በመንገድ ላይ አስቁማችሁ ያየውን ጠይቁት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፥
አንድ የአዲስ አበባ የሊቨርፑል ምእመን

ግልባጭ፦ ለኖርዛምፕተን ታውን እግር ኳስ ክለብ፥ ለመረጃ ያህል።